በእጅ የተጠመጠመው ትራንስፎርመር

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ መጠገን ሳይሆን መፍታት ነበር። ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ ባለው ቁልቁለት ላይ ጋሽ ኑሪ የሚባሉ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኝ አንዲት ክፍል ሱቅ ነበረቻቸው። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም። እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣሁ፣ ሥራ የሌለኝ፣ ግን የማላውቀው ነገር ያለ የማይመስለኝ ወጣት ነበርኩ። ጋሽ ኑሪ ሰርተፊኬቴን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ አጣጥፈው መለሱልኝ፣ በምትኩ የተቃጠለ ትራንስፎርመር እጄ ላይ አስቀመጡ።

«ፍታው» አሉኝ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያየኸውን ትነግረኛለህ።»

ትራንስፎርመር ማለት ለማያውቀው ሰው የብረት ቅጠሎች ተደራርበው በመሐላቸው እንደ ክር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ዕቃ ነው። ከግድግዳ የሚመጣውን ኃይል ዕቃው ወደሚችለው መጠን ይለውጣል። ሲቃጠል የተቀባበት ቫርኒሽ ከሽቦው ጋር ይጣበቃል፤ ሽታው ልብስ ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይለቅም። ቀኑን ሙሉ ስፈታ ዋልኩ፤ ጣቶቼ ጠቆሩ። ሱቁ ሊዘጋ ሲል ጋሽ ኑሪ መጡና «እህስ፣ ምን አየህ?» አሉኝ።

«ሽቦ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ሠሪው ቸኩሏል። ከላይ ከላይ አሳምሮ ከውስጥ አዛንፎታል፤ የተቃጠለውም ለዚህ ነው። የተቃጠለ ዕቃ ስትፈታ ሠሪውን ታውቀዋለህ። ነገም ትፈታለህ።»

በማግስቱም ፈታሁ።

በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ማዕረግ ነበር። ታች ያለው ፈቺ ነው። ከዚያ በላይ በያጅ ይመጣል፤ መበየጃውን ይዞ ሊዱን እያቀለጠ ሽቦና ሽቦ የሚያገናኘው ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ጠምጣሚ አለ፤ ጠምጣሚው ጋሽ ኑሪ ብቻ ነበሩ። የሚጠመጥሙበትን መሣሪያ ከሥጋ መፍጫ እጀታ ራሳቸው ነው የሠሩት። ዙሩ እንዳይጠፋቸው ከሞቱ ሬዲዮዎች የተነቀሉ ቁልፎችን በሲባጎ ሰክተው ከጎናቸው ያስቀምጣሉ፤ መቶ ዙር በሞላ ቁጥር አንዷን ቁልፍ ገፋ ያደርጋሉ። የጸሎት መቁጠሪያቸው ኪሳቸው ውስጥ እያለ ለምን በእሱ እንደማይቆጥሩ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «ያኛው የአላህ ነው፣ ይሄኛው የመብራት ኃይል» አሉኝ። ሲቆጥሩ ማንም አያናግራቸውም። ደንበኛ ከመጣ ቆሞ ይጠብቃል።

እኔ በያጅ ሆንኩ፤ ጎበዝ በያጅም ሆንኩ። ጠምጣሚ ግን አልሆንኩም፤ ትዕግሥቱ የለኝም። ይህን የምናገረው ሳላፍር ነው፣ ሰው ሁሉ ጠምጣሚ ቢሆን ማን ይበይዳል?

ዓመታት አለፉ። ሰው ሬዲዮ ማስጠገን ተወ፤ ቴፕም ወደ ቆሻሻ ገንዳ ወረደ። የጋሽ ኑሪ ዓይን እየደከመ ሲሄድ ሱቁን ለእኔ ትተው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እንጦጦ ሥር ያለው ቤታቸው ገቡ። በዚያው ጊዜ ሆቴሉ፣ ሠርግ ቤቱና የጴንጤ ቸርቹ በጊታር ተሞላ። ጊታር ካለ ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር አለ፤ አምፕሊፋየር ካለ የሚቃጠል ነገር አለ። እንጀራዬ በዚያ ሆነ።

ከጊታሩ ጋር ወሬውም መጣ። አንድ የሆቴል ጊታሪስት በሚጫወትበት ጊዜ በእግሩ የሚረግጣት፣ መዳፍ የምታህል የድምፅ ማወፈሪያ ሳጥን ይዞልኝ መጣ። ከውጭ የመጣች፣ አንድ ሰው በቤቱ ቁጭ ብሎ ለጥቂት ዕድለኞች ብቻ የሚሠራት ናት አለኝ። ዋጋዋን በሹክሹክታ ነገረኝ። እኔ ግን ጮክ ብዬ «እንዴ!» አልኩ። ዝም ብላበታለችና ከፈትኳት። ውስጧ በጥቁር ሙጫ ተደፍኗል።

«ሚስጥሩ እንዳይሰረቅ ነው» አለኝ በኩራት።

ሙጫውን በትዕግሥት ፋቅሁት። ሥሩ የተገኘው ከሞተ ቴፕ ሆድ ውስጥ ስለቅም የኖርኩት ዓይነት ተራ ዕቃ ነበር። ከእጅ አይሻል ዶማ! አንድ የለቀቀ ሽቦ በይጄ ሰጠሁትና ያየሁትን ነገርኩት።

«ድምፁ ግን ይለያል ጋሽ ታዴ» አለኝ።

«ይለያል ካልክ ይለያል» አልኩት። ያቺ ሳጥን በእግሩ ሥር ስትሆን ሰውየው ደረቱን ነፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከሌላ ጊዜው አሳምሮ ይጫወት እንደነበር ግን መመስከር አለብኝ። ሄጄ ሰምቻለሁ። ሰውየውን ነው ወይስ ሳጥኗን የሰማሁት፣ እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ «ይሄ ውድ ዕቃ ዋጋው ይገባዋል?» ለሚለኝ ሁሉ አፌን ሞልቼ «አይገባውም» እያልኩ ብዙ ኖርኩ። ያን አፌን የዘጋው ዮናታን ነው።

ዮናታን የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ እሑድ እሑድ ሰፈራችን ካለችው ቸርች ጊታር ይጫወታል። ዓመታት ካጠራቀመ በኋላ በድሮ ሬዲዮ ቫልቭ፣ እንደ አምፖል በሚግለው የመስታወት ቱቦ የሚሠራ፣ አንድ ባለሙያ በእጁ የሠራው አምፕሊፋየር ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ አስመጣ። ከዕቃው ጋር አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ነበረ። ወረቀቱ ላይ ትራንስፎርመሩ በፋብሪካ ሳይሆን በእጅ እንደተጠመጠመ በትልልቁ ተጽፏል፤ የዕድሜ ልክ ዋስትናም አለው ይላል። ሠሪው ውቅያኖስ ማዶ ነው፤ ዋስትናው ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ዮናታን ግን እንደ ጥምቀት ልጅ ፈክቶ ስላየሁት ደስታውን አልነካሁበትም።

ያን ወረቀት ለጋሽ ኑሪ ወስጄ አነበብኩላቸው። «በእጅ የተጠመጠመ» የምትለዋን ስደርስ አስቆሙኝ።

«ለዚህ ነው የተወደደው?»

«ለዚህ ነው።»

«እኛ ታዲያ በምን ስንጠመጥም ኖርን? በእግራችን?» አሉና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ዕቃው የሚሠራው በመቶ አሥር ቮልት ነው፤ የእኛ ግድግዳ ሁለት መቶ ሃያ ይተፋል። ስለዚህ ኃይሉን አውርዶ የሚሰጠው መለወጫ ሠራሁለት። ከቆርቆሮ ያጠፍኩት፣ ከግቢ በር በተረፈ ግራጫ ቀለም የቀባሁት፣ እግሩ የሚንጋደድ ሳጥን ነበር። ስለ መልኩ አልከራከርም። ሥራውን ግን ይሠራል።

አምፕሊፋየሩን ለማየት ስከፍተው ደነገጥኩ። ሽቦዎቹ ተሰልፈው፣ በየመታጠፊያቸው ታስረው፣ ብየዳው ሁሉ እንደ ስንዴ ቅንጣት እኩል ተቀምጧል። የምደብቀው ነገር የለም ብሎ ሆዱን ያሳየኝ ውድ ዕቃ ያን ቀን ገና አየሁ። በያጅ ነኝና እንደ በያጅ ቀናሁ፣ ደስም አለኝ። ከሱቄ አሮጌ አምፕሊፋየር ጋር እያፈራረቀ ሲጫወትበት ግን ስለ ድምፁ ልማልበት የምችለው ልዩነት አልሰማሁም። አንድ ነገር ብቻ ሰማሁ። ዮናታን እጁን ከክሮቹ ላይ ሲያነሳ የእኔው ዕቃ እንደ ንብ ቀፎ እዝዝ ይላል፤ የእሱ ጭጭ ይላል፤ በደንብ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር አያንጎራጉርም።

የባቡሩ ሐዲድ ከአያት ወደ መሐል ከተማ ሲሠራ፣ መንገዱ ሁሉ ተቆፍሮ ሳለ፣ ዮናታን ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ሐዋሳ ወረደ። ከሄደ ከጥቂት ቀናት በኋላ አባቱ ጋሽ ታምራት በአልጋ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን አቅፈው፣ ላብ በላብ ሆነው ሱቄ ገቡ። የቸርቹ ሽማግሌ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ቃላቸውን መዝነው የሚናገሩ ሰው። ያን ቀን ግን በሩን ዝጋ አሉኝ። አልጋ ልብሱን ሳይፈቱት በፊት ሽታው ነገረኝ።

«ምን ላይ ሰኩት?» አልኳቸው።

«ስታቢላይዘር ላይ ነው እኮ የሰካሁት!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው በሌለበት ከመዘምራኑ አንዷ፣ ቤቴል የምትባል ልጅ፣ ጊታር ልትጫወት ነበር። ጋሽ ታምራት ዕቃውን ሊያዘጋጁላት ቀድመው ቸርቹ ገቡ። ይህን የሚያህል ውድ ዕቃ በዚያ አስቀያሚ ግራጫ ሳጥን ላይ ተሰክቶ ሲያዩት ልባቸው አልቻለም። ሳጥኑን ነቅለው ወደ ጓዳ ወረወሩትና አምፕሊፋየሩን የቸርቹ አዲስ ስታቢላይዘር ላይ ሰኩት። ቤት ያለ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ሁሉ የሚጠበቀው በስታቢላይዘር ነው፤ አምፕሊፋየርን ምን ያጎድልበታል? ስታቢላይዘር ግን ሁለት መቶ ሃያውን ባለበት ያጸናዋል እንጂ ወደ መቶ አሥር አያወርደውም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይሄ ነው።

«ፊውዙ የት ሄዶ?» አልኩ። ፊውዝ የተሠራው ለዚህ ክፉ ቀን ነው፤ ቀድሞ ተቃጥሎ ሌላውን ማዳን ነበረበት።

ጋሽ ታምራት መሬት መሬቱን አዩ። «ፊውዙማ ተቃጠለ። እኔ... የማስቲካ ወረቀት ጠቀለልኩበት። ብርማውን።»

ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን አይቼ ዋጥኩት። በዚህ ከተማ ፊውዝ ላይ ብርማ ወረቀት ያልጠቀለለ አባወራ የለም።

«ልጄ ትንሽ ሳለ ጊታር ሲያነሳ አልወደድኩለትም ነበር» አሉኝ በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው። «ትምህርትህን ተማር እያልኩ ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ። አሁን ደስ እንዲለው ብዬ ነው የገባሁት፤ ዕቃውን እንደማከብርለት እንዲያውቅ። ምን ብዬ ልንገረው ታደለ?»

«እውነቱን ይንገሩታ።»

«እነግረዋለሁ። እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፤ አንተ አትቅደመኝ። ግን የሞተ ዕቃ ይዤ ሳይሆን የሚሠራ ዕቃ ይዤ ልንገረው።»

አልቀድምዎትም ብዬ ቃል ገባሁ።

ከፍቼ ስፈትሽ ትራንስፎርመሩ ከሰል ሆኗል፤ ከቫልቮቹ አንዱም ሞቷል። ሌላው ግን ደህና ነበር። ትራንስፎርመሩን ነቅዬ በፌስታል አንጠልጥዬ ወደ ፈረንሳይ ወጣሁ። ጋሽ ኑሪ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ዕቃውን በጣታቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱት፣ መልሰው ሰጡኝ።

«ፍታው» አሉኝ።

ግማሽ ፀጉሬ ሸብቶ ሥራ ስጀምር ወደነበርኩበት ማዕረግ ተመለስኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ፈታሁ። ሽቦው ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ሥርዓቱ ይበልጥ ያምር ነበር፤ እያንዳንዱ ዙር ከጎኑ ካለው ጋር ተጠጋግቶ ተኝቷል፣ በየደርቡ መሐል ወረቀቱ ሳይዛነፍ ገብቷል። የተፈታውን ለጋሽ ኑሪ አስነካኋቸው። አጎንብሰው ዙር በዙር ዳሰሱት።

«ይሄ ሰውዬ አልቸኮለም» አሉ በመጨረሻ። በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ ማንም ሠሪ እንዲህ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። «እውነቱን ነው ያስከፈላቸው።»

«ይጠመጥሙታል?»

«ጡረታ የወጣው ዓይኔ ነው፤ እጄ ማመልከቻ አላስገባም።»

መሣሪያቸውን ከአልጋ ሥር አወጣሁላቸው። ሽቦውን እኔ እየለቀቅኩ እሳቸው እጀታውን አዞሩ፤ የሬዲዮ ቁልፎቹ በሲባጎው ላይ ተራ በተራ ተገፉ። ገና ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር።

«ለምን በመቶ አሥር እንጠመጥመዋለን? አገሩ ሁለት መቶ ሃያ ነው። የመጣበትን አገር ትተን የሚኖርበትን አገር ኃይል እንዲበላ እናድርገው።»

እውነታቸውን ነው። ያኔ ግራጫው ሳጥን አያስፈልግም፤ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ይሰካል። ሥራው ከተጠበቀው በላይ ጊዜ ወሰደ። አንዴ መብራት ጠፋ፤ ጋሽ ኑሪ ግን በእጅ የሚዞርን ነገር መብራት ምን ያግደዋል ብለው ቀጠሉ። ቫልቩን ከጋሽ ኑሪ የብስኩት ጣሳ ውስጥ አገኘሁት፤ ከአሮጌ የጀርመን ሬዲዮ ነቅለው፣ በጥጥ ጠቅልለው፣ አንድ ቀን ይፈለጋል ብለው ያስቀመጡት ነበር። ያ አንድ ቀን መጣ።

አምፕሊፋየሩን ለጋሽ ታምራት ያስረከብኩት ቅዳሜ ነው። ግድግዳ ላይ በቀጥታ መሰካት እንደሚቻል ስነግራቸው አላመኑኝም፤ በፊታቸው ሰክቼ አሳየኋቸው። ዮናታን ሰኞ ይመለሳል፣ ማታውኑ እነግረዋለሁ አሉኝ።

እሑድ ጠዋት አንድ ነገር ቢፈጠር ብዬ ቸርቹ ሄድኩ። እኔ የሚካኤል ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ከደጅ ቆምኩ። ውስጥ ቤቴል ልምምድ ላይ ናት። የቆርቆሮው አዳራሽ በሩ ገርበብ ብሎ ድምፁ ብቻ ይወጣል። ቆሜ እያዳመጥኩ ሳለ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ዮናታን! ሥራው ቶሎ ስላለቀ ሌሊት ተነስቶ በሚኒባስ የመጣ፣ ቦርሳውን እንኳ ቤት ያላደረሰ። ሰላምታ ሳይሰጠኝ ክንዴን ያዘኝ።

«ስማው፣ ስማው ጋሽ ታዴ! ይሄ እኮ ነው ስልህ የኖርኩት። ይሄን ሙቀት፣ ይሄን ንጽሕና በሌላ አምፕ አታገኘውም። ትራንስፎርመሩ በእጅ የተጠመጠመ ነዋ!»

ምን ልበለው? ቃል ገብቻለሁ፤ እሱም አልዋሸም። «በእጅ የተጠመጠመ ነው» አልኩት።

ፈገግ እንዳለ በሩን ገፍቶ ገባ። ከኋላው ተከተልኩት። ሁለት እርምጃ እንደተራመደ ዓይኑ ሽቦውን ተከትሎ ሄደ። ግራጫው ሳጥን የለም። ሽቦው ከአምፕሊፋየሩ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ግድግዳ ውስጥ ገብቷል።

«ንቀሉት!» ብሎ ጮኸ። «ንቀሉት! ይቃጠላል!» ቦርሳውን ወርውሮ፣ ወንበር ጥሎ፣ ተንደርድሮ ሶኬቱን መነጨቀው። የቤቴል ጊታር መሐል ላይ ተቆረጠ። ዘማሪዎቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ጋሽ ታምራት ከፊት ወንበር ተነሡ። ሰኞ ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ ብቻቸውን ሊናገሩት ያዘጋጁት ነገር እዚያው ሰው ፊት ወጣ።

«አይቃጠልም ልጄ። ተቃጥሎ ያለቀ ነው። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።»

ዮናታን ሶኬቱን እንደያዘ አባቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ዕቃውን አየ። ጋሽ ታምራት ምንም ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ ሳጥኑን ንቀው መወርወራቸውንም፣ የማስቲካውን ወረቀትም። ስለ ጋሽ ኑሪ የቀረውን እኔ ጨመርኩ። ለእኚያ ሽማግሌ በጣም ፈራሁላቸው፤ ልጁ አንዲት ክፉ ቃል ቢናገር የሚሰበሩ መሰለኝ።

«በማስቲካ ወረቀት?» አለ ዮናታን።

«በማስቲካ ወረቀት» አሉ አባቱ።

«እኔ ደግሞ ውጭ ቆሜ...» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። መጨረስ አልቻለም፤ ሳቅ ያዘው። ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ እስኪል ድረስ ሳቀ። ቤቴልም ሳቀች። ጋሽ ታምራት ሳቅ ይሁን ልቅሶ በማይለይ ፊት ቆመው ነበር። ዮናታን ተነሣ፣ ሶኬቱን በገዛ እጁ ግድግዳው ላይ መልሶ ሰካውና ከዕቃው ፊት ገለል አለ።

«አባዬ፣ አንተ አብራው።»

ጋሽ ታምራት አበሩት። ቫልቭ እስኪሞቅ ጊዜ ይፈልጋል። አዳራሹ ሙሉ ጠበቀ። ከዚያ ዮናታን ጊታሩን ከቤቴል ተቀብሎ መጫወት ጀመረ፤ አባቱም ወደ ፊት ወንበር ሳይመለሱ እዚያው ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ቆመው ሰሙት።

በሌላ ቀን ዮናታን ዕቃውን አሸክሞኝ ፈረንሳይ ወጣን። ጋሽ ኑሪ በረንዳ ላይ አስቀምጠን ተጫወተላቸው። ጥቂት ሰሙና እጃቸውን አነሡ።

«በል አሁን ዝም በል» አሉት።

ክሮቹን በመዳፉ አፈናቸው። ጋሽ ኑሪ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጠፉ። ምንም የለም። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ባሕር ዛፉ ላይ ሲያልፍ ብቻ ይሰማል።

«ጥሩ ነው» አሉ ቀና ብለው። «እኔም አልቸኮልኩም።»

ዛሬም ወጣቶች ስልካቸው ላይ ውድ ዕቃ እያሳዩ ይገባዋል ወይ ይሉኛል። ድሮ አይገባውም እል ነበር፤ አሁን ክፈቱትና ልየው እላለሁ። ያልቸኮለ ሰው የሠራው ዕቃ ዋጋው ይገባዋል፤ የትም አገር ይሠራ። ሲቃጠል የሚፈታው ሰው ግን ቅርብ ይኑር።